ማሳ

ደሴ ላይ መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል፤
ቤት ከመከራየት ቁልቁለት ይቀድማል።
እኔም ሆጤ ሰፈር የከረምኩት ለእሷ፣
ቁልቁል ስትንደረደር ስለምትመጣ ነፍሷ።

ቮልስ ናት፣ ሰማያዊ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፣
አባቴ ለወባ ሥራ እስከ ባቲ ወርዶባታል፤
ሲሞት ቁልፉን ተወኝ፣ ከአንድ ምክር ጋር፦
«ዘይቷን እየው እንጂ፣ ሌላው የእሷ ነገር።»

ጠዋት በብርድ ሰዓት፣ ጦሳ ጉም ለብሶ ሳለ፣
አንዴ ሲነኳት ትነሣለች፤ ሁሉም ሰላም አለ።
ሐረጎን ወጥታ ስትመጣ፣ ሞቃ ገበያ ሲያቆሟት፣
ቁልፉን ቢያዞሩት «ጠቅ» ነው፤ ሌላ ቃል የላት።
«ጠቅ»።
ደግሞ «ጠቅ»።
ዳኛ ፊት ቆሞ ቃሉ እንደጠፋው ምስክር።

«ባትሪው ነው» አለኝ ጎሚስታው አራጌ፤ ባትሪ ለወጥኩ።
«ሞተሪኖው ነው» አለ እንድሪስ፤ ሞተሪኖ አስጠቀለልኩ።
«ዓይን ነው» አሉ እትዬ ሽታዬ፤ እሱን ግን ዝም አልኩ።

ጋራዥ ደጃፍ ስትደርስ ደግሞ ጤነኛ ሆነች፤
እንድሪስ አሥር ጊዜ ሞከራት፣ አሥሩንም ተነሣች።
«ወንድሜ፣ የታመምከውስ አንተ ነህ» አለኝና፣
እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ፣ ሻዩን ጨለጠና።

ለክፉ ቀን ግን ሰው ነበረኝ፤ ባለሱቁ ጀማል፣
ልብስ ሰፊው ሙሄ ከነሜትሩ፣ ከነመነጽሩ ይገፋል፤
ሁለት ተማሪዎችም አሉ፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቅ፤
«ማርሽ ሁለት! ... አሁን! ... ልቀቅ! ልቀቅ!»
ተንገጫግጫ ስትነሣ፣ ዞር ሳልል፣
በመስኮት እጄን አውለብልቤ እሄዳለሁ ቁልቁል።

በጥቅምት መጨረሻ ኮምቦልቻ፣ ሜዳው መሐል ቆመች።
ሜዳ ምን ይጠቅማል እንደእኔ ላለ ተጓዥ!
ከበርበሬ ወንዝ ማዶ አገኘሁ የሐዋን ጋራዥ።

ሐዋ ኮፈን አልከፈተችም። ጠየቀችኝ እንጂ።
ሲሞቅ ነው ሲበርድ? ሲያዞሩት መብራቱ ይደክማል?
«የፍሪሲዮን ገመድስ ተበጥሶብህ ያውቃል?»
«ዘንድሮ ሁለት ጊዜ። ምን ያገናኘዋል?»
ሳቀች። ሁለት ሽቦ ያላት አምፖል ይዛ ከሥር ገባች፣
አንዱን ከአካሏ፣ አንዱን ከካምቢዮው አስነካች።
«አዙር!»
አዞርኩ። «ጠቅ» — አምፖሏ ቦግ አለች፣
ልትበራ በማይገባት ቦታ።

«ማሳው ነው» አለች በጀርባዋ እንደተኛች።
እኔ ሞኙ፦ «ማሳማ የለንም፤
የገራዶው ለአክስቴ ደርሷል፣ እኛ አልተካፈልንም።»
«አብሽር፣ የእርሻውን አይደለም» አለች።
«ከረንት ከባትሪ ይወጣል፣ ሠርቶ ይገባል፤
እንደመሄጃው ሁሉ መመለሻም ይፈልጋል።
የአንተ መሄድማ ይሄዳል፣ መመለሻ ነው ያጣው፤
በፍሪሲዮን ገመድ ነው፣ እያቃጠለ የሚመጣው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት፦ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣
ካምቢዮውን ከአካሏ ያሰረ መዳብ የነበረ፣
አረንጓዴ ዝገት በልቶት በሦስት ክር የቀረ።
ሲበርድ ይነካካል፣ ሲሞቅ ይላቀቃል፤
ከአባቴ በኋላ ማን እዚያ ገብቶ ያውቃል?

ከአሮጌ የኤንትሬ ካቦ አንድ ክንድ ቆረጠች፣
ጫፉን በመዶሻ መታ፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገች፣
እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ፤ ቡሎኑን አጥብቃ ወጣች።
የጠየቀችኝ ዋጋ
የባትሪዬን ክዳን አይገዛም።

ሰኞ፣ ገበያው ደርቶ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣
ጀማል ከሱቁ ወጣ፣ እጅጌውን ሰበሰበና።
ሙሄ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣለ፤
ልጆቹ ደብተራቸውን ድንጋይ ላይ አኖሩ።
ቁልፉን አዞርኩ።
ተነሣች።
ሙሄ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ቀስ ብሎ ነው ያለው።
በመስታወት አየኋቸው፤ እጃቸው ወደ ፊት እንደተዘረጋ ነው።

ዛሬም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁል ነው የማቆማት።
ሐዋ አንድ ቀን መጥታ አይታ «ምነው?» ብትለኝ፣
«ልማድ ነው» አልኳት።